ብሪታንያ በየትኛው ሥርዓት ብትመርጥ ይሻላል? አምስት አማራጮች በንጽጽር

በጁላይ 2024 በተካሄደው የብሪታንያ ጠቅላላ ምርጫ፣ በሳውዝ ዌስት ኖርፎክ ያሸነፈው የሌበር እጩ ያገኘው 26.7 በመቶ ድምፅ ነበር። ከአራት መራጮች ሦስቱ ገደማ እሱን አልፈለጉም፤ ወንበሩን ግን ወሰደ። በ630 ድምፅ የተቀደሙት ደግሞ የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስ ናቸው። በአገር ደረጃም ውጤቱ ከዚህ ብዙ አልራቀም። ሌበር 33.7 በመቶ ድምፅ ይዞ ከ650 መቀመጫ 411ዱን አገኘ። ሪፎርም ዩኬ የተባለውን ፓርቲ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መርጠውት የደረሰው 5 መቀመጫ ሲሆን፣ በድምፅ ብዛት ከእሱ ያነሱት ሊበራል ዲሞክራቶች በ72 ወንበር ፓርላማ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ የምርጫ ሥርዓት ይለወጥ የሚለው የቆየ ክርክር አገርሽቷል። በዲሴምበር 2024 የታችኛው ምክር ቤት የተመጣጣኝ ውክልና ረቂቅ እንዲቀርብ በ138 ለ136 ድምፅ ፈቅዶ ነበር፤ ረቂቁ ሕግ አልሆነም። ክርክሩን ለሚከታተል ሰው አስቸጋሪው የአማራጮቹ መብዛት ነው። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሥርዓት «ፍትሐዊ» ይላል፣ የሌላውን ጉድለት ብቻ ይቆጥራል።

ለማወዳደር ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከዚህ በታች የሚነሱት አምስቱም ሥርዓቶች በዚያው በዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ በአንድ ቦታ ወይም በሌላ ተሠርቶባቸዋል። የሰሜን አየርላንድ፣ የስኮትላንድና የዌልስ ዋና ከተሞች ቤልፋስት፣ ኤድንብራና ካርዲፍ እያንዳንዳቸው ከለንደን በተለየ መንገድ ይመርጣሉ።

## መመዘኛው ምን ይሁን?

«የቱ ፍትሐዊ ነው?» ብሎ የተነሳ ሰው የትም አይደርስም፤ ፍትሕ እዚህ ላይ ብዙ መልክ አለው። እኔ የምጠቀምባቸው አምስት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

1. ፓርቲው ያገኘው ድምፅና የደረሰው መቀመጫ ይመጣጠናሉ?
2. መራጩ «የእኔ አካባቢ ተወካይ» ብሎ በስም የሚጠራው፣ ቢሮው ሄዶ አቤት የሚልበት ሰው አለው?
3. ፓርላማ የሚገባውን ግለሰብ የሚወስነው መራጩ ነው ወይስ የፓርቲው ጽሕፈት ቤት?
4. ሕዝቡ የጠላውን መንግሥት በአንድ ቀን ማውረድ ይችላል?
5. የለውጡ ዋጋ ስንት ነው? ካርታው እንደ አዲስ ይሳላል? የፓርላማው አባላት ይበዛሉ? ቆጠራው ቀናት ይወስዳል?

አምስቱንም የሚያሟላ ሥርዓት የለም። አለ የሚል ሰው ሲያጋጥም ከየትኛው ፓርቲ እንደሆነ መጠየቅ አይከፋም።

## አንደኛ የወጣ የሚያሸንፍበት

ዌስትሚንስተር፣ ማለትም ለንደን ያለው የብሪታንያ ፓርላማ፣ የሚመረጠው በዚህ ነው። አገሪቱ በ650 የምርጫ ክልሎች ትከፈላለች፤ በየክልሉ ከሌሎቹ አንድ ድምፅ የበለጠ ያሸንፋል። ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም።

ጥንካሬው ሁለተኛውና አራተኛው መመዘኛ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ተወካይ አለው፣ ስሙም ይታወቃል። የቪዛ ጉዳይ የታጎለበት፣ የቀበሌ ቤት ጥያቄው የተረሳበት ሰው ለማን እንደሚጽፍ ያውቃል። መንግሥት በማውረድም የሚስተካከለው የለም፤ ሐሙስ ተመርጦ አርብ የተሸነፈው ጠቅላይ ሚኒስትር ከዳውኒንግ ስትሪት ይወጣል። ድርድር የለ፣ ለሳምንታት መጠበቅ የለ።

«የተረጋጋ መንግሥት ይሰጣል» የሚለውን ግን ባልቀበለው ይሻላል። እስከ 2016 አጋማሽ ከነበሩት ከካሜሮን ጀምሮ እስከ 2024 ሱናክ ድረስ አምስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ተፈራርቀዋል፤ አምስቱም ከአንድ ፓርቲ። በ2010 ጥምር መንግሥት ተመሥርቷል፤ በ2017 ደግሞ መንግሥት የቆመው በአንድ የሰሜን አየርላንድ ፓርቲ ድጋፍ ነው።

መመጣጠን ላይ የሚያሳየው ውጤት ደካማ ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ የተገለበጠ ነው። በ1951 ሌበር በአገር ደረጃ ከኮንሰርቫቲቭ የበለጠ ድምፅ አግኝቶ ሥልጣኑን አጣ። በ1983 ሊበራሎችና ሶሻል ዲሞክራቶች በጥምረት 25.4 በመቶ አግኝተው የደረሳቸው 23 መቀመጫ ነበር፤ ሌበር በ27.6 በመቶ 209 ወሰደ። ምስጢሩ የድምፁ አሰፋፈር ነው። ደጋፊው በየቦታው እኩል የተበተነ ፓርቲ በየቦታው ሁለተኛ ይሆናል፤ ሁለተኛነት ደግሞ ምንም አያስገኝም። ደጋፊው በአንድ አካባቢ የተሰበሰበ ግን ይጠቀማል። በ2015 የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ በመላ አገሪቱ 4.7 በመቶ ብቻ አግኝቶ በስኮትላንድ ካሉት 59 መቀመጫዎች 56ቱን ጠቀለለ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሥርዓት እንግዳ አይደለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከየምርጫ ክልሉ ተወዳዳሪዎች መካከል አብላጫ ድምፅ በማግኘት እንደሚመረጡ ይደነግጋል። በ2002 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2010) ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ሲይዙ ውጤቱን የወሰነው የቆጠራ ስልቱ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም፤ የፖለቲካ ምኅዳሩ የራሱ ታሪክ አለው። ሆኖም በዚህ ሥርዓት ተሸናፊ ድምፅ ወደ መቀመጫ የሚለወጥበት ቀዳዳ የለውም።

## ቅደም ተከተል በአንድ ወንበር

መራጩ እጩዎችን 1፣ 2፣ 3 እያለ በቁጥር ያስቀምጣል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ይወጣና የእሱ መራጮች ሁለተኛ ምርጫ ለሌሎቹ ይታደላል፤ አንዱ ግማሽ እስኪያልፍ። በሜይ 2011 ብሪታንያ ይህን በሕዝበ ውሳኔ ጠይቃ 67.9 በመቶው መራጭ «አይሆንም» አለ። ከዚያ በፊት ሐሳቡን ምስኪን ስምምነት ብለው ያጣጣሉት የሊበራል ዲሞክራቶቹ መሪ ኒክ ክሌግ፣ ጥምር መንግሥት ሲገቡ የተሰጣቸው እሱው ሆነ።

ብዙ ጊዜ አላጠፋበትም። ካርታው አይነካም፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ሳውዝ ዌስት ኖርፎክ ላይ የታየው ዓይነት ሩብ ድምፅ ይዞ መግባትም ይቀራል። መመጣጠንን ግን አይነካውም። በ1998 በሮይ ጄንኪንስ የተመራው ኮሚሽን ይህን ሥርዓት ለብቻው ያልመከረው ለዚህ ነው፤ አንድ ፓርቲ በሰፊው ሲወደድ ብልጫውን ይብስ ሊያሰፋው ይችላል። ኮሚሽኑ ማካካሻ መቀመጫ የታከለበት ዓይነት ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የ1997ቱ የሌበር መንግሥት የገባው የሕዝበ ውሳኔ ቃል ግን ሳይፈጸም ቀረ።

ታናሽ ወንድሙ፣ ሁለት ምርጫ ብቻ የሚጠየቅበት፣ የለንደን ከንቲባ ከ2000 እስከ 2021 የተመረጡበት ነው። የ2022ቱ የምርጫ ሕግ አስቀረው፤ የአሁኑ የሌበር መንግሥት ደግሞ ሊመልሰው በ2025 ረቂቅ አቅርቧል። ለከንቲባ፣ ማለትም ለአንድ ሰው ሥልጣን፣ ይህ ዓይነቱ ጥሩ ምርጫ ነው። ለፓርላማ አይደለም።

## የተዘጋ የፓርቲ ዝርዝር

መራጩ ለፓርቲ ድምፅ ይሰጣል፤ ፓርቲው አስቀድሞ በደረደረው ዝርዝር መሠረት ከላይ ወደ ታች ይገባሉ። ብሪታንያ ከ1999 እስከ 2019 የአውሮፓ ፓርላማ አባላቷን የመረጠችው እንዲህ ነበር (ከሰሜን አየርላንድ በቀር)። የሪፎርም ዩኬ መሪ ናይጄል ፋራጅ በ1999 ወንበር ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ዌስትሚንስተር ለመግባት ግን በስምንተኛ ሙከራው እስከ 2024 ጠብቋል። ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ሰው ላይ ምን ያህል የተለያየ ዕድል እንዳሳዩ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ይህን የያዘችው ዌልስ ናት። በ2024 የወጣው ሕግ ከሜይ 2026 ምርጫ ጀምሮ ሴኔዱን፣ ማለትም የዌልስን ፓርላማ፣ ከ60 ወደ 96 አባላት አሳድጎ፣ አገሪቱን በ16 የምርጫ ክልል ከፍሎ ለእያንዳንዱ 6 መቀመጫ ሰጠ። መመጣጠን ከበፊቱ ይሻላል። ሦስተኛው መመዘኛ ላይ ግን ይወድቃል፤ በዝርዝሩ አናት ላይ የተቀመጠ ሰው ቢጠላ እንኳ ፓርቲው እስከተመረጠ ድረስ ይገባል። መራጩ «ፓርቲውን እፈልጋለሁ፣ ይህን ሰው ግን አልፈልግም» የሚልበት ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም። የአካባቢ ተወካይነትም ይደበዝዛል፤ ስድስት ሰው አንድ ላይ ሲወክልህ ስልክህን የሚያነሳው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስቸግራል።

## ቅይጥ ሥርዓት

የስኮትላንድ ፓርላማ ከ1999 ጀምሮ በዚህ ይመረጣል። መራጩ ሁለት ድምፅ አለው። በአንደኛው የአካባቢውን ተወካይ እንደ ዌስትሚንስተር ይመርጣል፤ በዚህ 73 ሰዎች ይገባሉ። በሁለተኛው ለፓርቲ ዝርዝር ድምፅ ይሰጣል፤ በ8 ቀጠናዎች 7 7 ሆነው 56 ይጨመራሉ። ቁም ነገሩ ሁለተኛው የሚያካክስ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ብዙ ያገኘ ፓርቲ በሁለተኛው ጥቂት ይደርሰዋል።

በ2021 የታየው አሠራሩን በደንብ ያሳያል። የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ከ73ቱ የአካባቢ ወንበሮች 62ቱን አሸንፎ ከዝርዝሩ የተጨመረለት 2 ብቻ ነው፤ በድምሩ 64፣ ለአብላጫ አንድ ጎደለው። ግሪን ፓርቲ አንድም አካባቢ ሳያሸንፍ በዝርዝሩ 8 አባላት አስገባ።

እንከኑ ሁለት ነው። አንዱ የማካካሻው መጠን ነው። ዌልስ እስከ 2021 ምርጫ ድረስ 40 የአካባቢና 20 የዝርዝር መቀመጫ ነበራት፤ ማካካሻው ሲሶ ብቻ በመሆኑ በአካባቢ ወንበሮች የሚበረታው ሌበር ከድምፁ በላይ ድርሻ ሲያገኝ ኖሯል፤ ያም ሆኖ ከ60ው ከ30 አልፎ አያውቅም። ሌላው ለብልጣብልጥነት የተጋለጠ መሆኑ ነው። አንድ ወገን በሁለት ፓርቲ ስም ተከፋፍሎ አንዱ አካባቢ፣ ሌላው ዝርዝር ላይ ብቻ ቢወዳደር ማካካሻውን ማሞኘት ይችላል። አልባ የተባለው ፓርቲ በ2021 ዝርዝሩ ላይ ብቻ የተወዳደረው በዚህ ስሌት ነበር፤ ያለ አንድ ወንበር ቀረ እንጂ።

## የሚተላለፍ ድምፅ በብዙ ወንበር

ይህ ብዙ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ የእኔ ዝንባሌም ወደዚህ ስለሆነ አንባቢ ይህን አውቆ ያንብበው።

በሰሜን አየርላንድ 18 የምርጫ ክልሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 5 አባላት ይመርጣሉ፣ በጠቅላላው 90። መራጩ እጩዎችን በፓርቲ ሳይወሰን በቁጥር ይደረድራል፤ 1ን ለአንድ ፓርቲ፣ 2ን ለሌላ መስጠት ይችላል። ለመግባት የሚያስፈልገው ድምፅ በስሌት ይታወቃል፤ የተሰጠው ትክክለኛ ድምፅ በመቀመጫው ቁጥር ሲደመር አንድ ተካፍሎ፣ በውጤቱ ላይ አንድ ይጨመራል። 48,000 ድምፅ ባለበት 5 ወንበር ቢኖር መግቢያው 8,001 ነው። ከዚያ በላይ ያገኘ እጩ ትርፍ ድምፁ እንደ መራጮቹ ቅደም ተከተል ለቀጣዮቹ ይተላለፋል። ከዚያም የመጨረሻው እየወጣ ድምፁ ይታደላል። ወንበሮቹ እስኪሞሉ ይህ ይደጋገማል፤ ለዚህ ነው ቆጠራው ወደ ሁለተኛው ቀን የሚሻገረው።

ብዙ ሰው ይህን ከተመጣጣኝ ውክልና ጋር አንድ አድርጎ ያየዋል። በትክክል እንደዚያ አይደለም። በ2022 የሰሜን አየርላንድ ምርጫ ኤስዲኤልፒ የተባለው የአየርላንድን ውህደት የሚደግፍ ፓርቲ በመጀመሪያ ምርጫ 9.1 በመቶ አግኝቶ 8 መቀመጫ ደረሰው፤ ቲዩቪ የተባለው ጠንከር ያለ የዩኒየኒስት (ከብሪታንያ ጋር መቆየትን የሚደግፍ) ፓርቲ 7.6 በመቶ አግኝቶ የደረሰው 1 ነው። የድምፅ ልዩነታቸው ትንሽ፣ የወንበር ልዩነታቸው ስምንት እጥፍ። ምክንያቱ አንዱን የሌሎች ፓርቲ ደጋፊዎች ሁለተኛና ሦስተኛ አድርገው ሲያስቀምጡት ሌላውን አለማስቀመጣቸው ነው። ሥርዓቱ የሚሸልመው ተወዳጅነትን ብቻ ሳይሆን አለመጠላትንም ነው። ለተከፋፈለ ማኅበረሰብ ይህ በጎ ነገር ነው ባይ ነኝ፤ ጠርዝ ላይ ያለ ድምፅ ታፈነ ብሎ የሚከራከርም ግን መሠረት አለው።

በሦስተኛው መመዘኛ የሚስተካከለው የለም። ከአንድ ፓርቲ ሦስት እጩ ሲቀርብ መራጩ የፈለገውን ያስቀድማል፤ የፓርቲው መሪ የሚወደው ሰው በመራጩ ሊወድቅ ይችላል። የዚህ ዋጋ ደግሞ የአንድ ፓርቲ ሰዎች እርስ በርስ መፎካከራቸው ነው። ይህን ሥርዓት ከ1922 ጀምሮ በያዘችው በአየርላንድ ሪፐብሊክ፣ የፓርላማ አባላት ከሕግ ማውጣት ይልቅ የሠፈር መንገድ ጉድጓድ በማስደፈን ላይ ተጠምደዋል የሚለው ወቀሳ የቆየ ነው። ሆኖም መንግሥት በ1959 እና በ1968 በሕዝበ ውሳኔ ሊያስቀረው ሲሞክር ሕዝቡ ሁለቱንም ጊዜ እምቢ ብሏል።

## ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ይጠይቁ

በክርክሩ ውስጥ እምብዛም የማይነሳ፣ ግን ከሥርዓቱ ስም ይልቅ ውጤቱን የሚወስን አንድ ነገር አለ፤ በአንድ የምርጫ ክልል ስንት መቀመጫ እንዳለ። የሚተላለፍ ድምፅ በ3 ወንበር ከሆነ መግቢያው 25 በመቶ ገደማ ነው፤ በ5 ወንበር 16.7 በመቶ። ስኮትላንድ ለአካባቢ ምክር ቤቶቿ ከ2007 ጀምሮ የምትጠቀምበት በአብዛኛው 3 ወይም 4 ወንበር ነው፤ ስለዚህ ከቤልፋስት ጋር በስም አንድ ቢሆንም ለትንንሽ ፓርቲዎች ይጠብባል። በዌልስ 6 ወንበር 14.3 በመቶ ያገኘ ፓርቲ መቀመጫው የተረጋገጠ ነው፤ ከ10 በመቶ በታች ላለ ግን ተስፋው ጭላንጭል ነው።

አንድ ፖለቲከኛ «ተመጣጣኝ ውክልና እደግፋለሁ» ሲል ቀጣዩ ጥያቄ «በስንት ወንበር?» መሆን አለበት።

## በአንድ ዓይን

| ሥርዓት | መመጣጠን | የአካባቢ ተወካይ | ግለሰቡን የሚወስነው | መንግሥት ማውረድ | የለውጡ ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| አንደኛ የወጣ (ዌስትሚንስተር) | ደካማ | አንድ፣ ግልጽ | በአብዛኛው ፓርቲው | ፈጣን | የለም |
| ቅደም ተከተል በአንድ ወንበር | ደካማ | አንድ፣ ግልጽ | ፓርቲውና መራጩ | ፈጣን | ዝቅተኛ |
| የተዘጋ ዝርዝር (ዌልስ) | ጥሩ፣ እንደ ወንበሩ ብዛት | ደብዛዛ | ፓርቲው | በድርድር | ከፍተኛ |
| ቅይጥ (ስኮትላንድ) | ጥሩ | አንድ፣ ከቀጠና አባላት ጋር | ፓርቲው | በድርድር | ከፍተኛ |
| የሚተላለፍ ድምፅ (ሰሜን አየርላንድ) | ጥሩ፣ ግን በሁለተኛ ምርጫ የሚወሰን | አምስት | መራጩ | በድርድር | ከፍተኛ፣ ቆጠራውም ረጅም |

## ለማን የቱ?

ከምንም በላይ የሚያሳስብዎት የከሸፈ መንግሥት በአንድ ሌሊት መውረዱ ከሆነ፣ አሁን ያለውን ይደግፉ። ይህ ሞኝነት አይደለም፤ ብዙ የሕግ ምሁራንም የሚይዙት አቋም ነው። ብቻ ሲሶ ድምፅ ያለው ፓርቲ ያሻውን ሕግ የማውጣት አቅም እንደሚያገኝ አውቀው ይደግፉት።

የሚያናድድዎት ድምፅ መባከኑ ሆኖ የአካባቢ ተወካይዎን ማጣት ካልፈለጉ፣ ቅይጡ ይስማማዎታል። የማካካሻው ድርሻ ግን ከአጠቃላዩ 40 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ይጠይቁ፤ የስኮትላንድ 43 በመቶ ነው። ሲሶ ከሆነ የድሮው ዌልስ ይሆናል።

ፓርቲዎችን የማያምኑ፣ «ማን እንደሚወክለኝ እኔ ልወስን» የሚሉ ሰው፣ የሚተላለፈውን ድምፅ ከ4 ወይም ከ5 ወንበር ጋር ይያዙ። ለዌስትሚንስተር እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሰፊና ሰው የሳሳበት የስኮትላንድ ደጋማ አካባቢ ግን 5 ወንበር አንድ ላይ ቢጣመር ክልሉ ከአንድ ተወካይ አቅም በላይ ይሰፋል፤ እዚያ 1 ወይም 2 ወንበር መተው ግድ ይላል።

የፖለቲካ አቅሙ ጥቂት ከሆነ፣ ማለትም ትልቅ ለውጥ በዚህ ፓርላማ አይታሰብም ከተባለ፣ የከንቲባዎቹን ሥርዓት መመለስ በትንሽ ዋጋ የሚገኝ ለውጥ ነው። የተዘጋውን ዝርዝር ለማንም አልመክርም።

## ለውጡ በማን እጅ ነው?

ብሪታንያ በአንድ ሰነድ የተጠቃለለ ሕገ መንግሥት የላትም። ስለዚህ የዌስትሚንስተርን የምርጫ ሥርዓት በተራ ሕግ፣ በአንድ ድምፅ ብልጫ መለወጥ ይቻላል። ሕዝበ ውሳኔ በሕግ ግዴታ አይደለም፤ የ2011ዱ ልማድ ፈጥሯል የሚሉ አሉ፣ ነገር ግን የአውሮፓ ፓርላማ ዝርዝርም ሆነ የከንቲባዎቹ ለውጥ ያለ ሕዝበ ውሳኔ ነው የመጣው። የዚህ አደጋ በሰሜን አየርላንድ ታይቷል። በ1920ው ሕግ የተሰጣትን የሚተላለፍ ድምፅ ገዢው የዩኒየኒስት ፓርቲ ለአካባቢ ምክር ቤቶች በ1922፣ ለፓርላማው በ1929 ሰረዘው፤ የተመለሰው በ1973 ነው። የሚገርመው፣ የስኮትላንድና የዌልስ ምክር ቤቶች የራሳቸውን የምርጫ ሥርዓት ለመቀየር የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋቸዋል፤ ዌስትሚንስተር ለራሱ እንዲህ ያለ አጥር የለውም።

በዩናይትድ ኪንግደም ለሚኖሩ ወገኖች አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያና ኤርትራ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር) አባል ስላልሆኑ፣ የብሪታንያ ዜግነት ያልወሰደ ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ ለንደን ውስጥ ለፓርላማም ሆነ ለአካባቢ ምክር ቤት አይመርጥም፤ ኬንያዊ ጎረቤቱ ግን የመኖሪያ ፈቃድ ካለው ይመርጣል። ስኮትላንድና ዌልስ በ2020 እና በ2021 ባወጧቸው ሕጎች ግን ማንኛውም ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ ለየራሳቸው ፓርላማና ለአካባቢ ምክር ቤት መምረጥ ይችላል፤ ዕድሜውም ከ16 ይጀምራል። ግላስጎው ወይም ካርዲፍ ያለ ሰው ዜግነት እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም፤ ስሙን በመራጮች መዝገብ ማስገባት ብቻ ይበቃዋል። ለእነዚህ ምርጫዎች እንደ ዌስትሚንስተር ፎቶ ያለበት መታወቂያም አይጠየቅም።